የሸሕዲ ሰሊጥ እና የሩቁ ፓርክ

በመተማ ቆላ ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም። ፍሬው ደርቆ ከተከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቢጫ መሆን ሲጀምር ይታጨዳል፤ በነዶ ታስሮ፣ «ሂላ» ተሠርቶ ይቆማል፤ ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ለዚች አጭር ወቅት ከደጋው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። አጫጁ ደመወዙን በእጁ ይፈልጋል፤ ገበሬው ግን ገንዘብ የሚያገኘው ከሸጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ይበደራል፤ ምርቱ እንደተራገፈም ዕዳውን ለመክፈል ሁሉም በሚሸጥበት፣ ዋጋ በሚወርድበት ሰሞን ይሸጣል።

በመተማ ካለችው ከሸሕዲ ከተማ የሚነሳው መኪና የሚጭነው ጥሬ ሰሊጥ ነው። ተፈትጎና ተቆልቶ ታሂና የሚሆነው እስራኤልን በመሰሉ ገዢ አገሮች ነው። የዚያው ቆላ ዕጣንም በአብዛኛው በጥሬው ይወጣል። አገሪቱ ደግሞ የቅባት እህል እየሸጠች የፓልም ዘይት ትገዛለች። «ለምን እዚሁ አይቀነባበርም?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል።

የመንግሥት መልስ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነበር። ለሙከራ አራት ቦታዎች ተመረጡ፦ በአማራ ቡሬ፣ በኦሮሚያ ቡልቡላ፣ በሲዳማ ይርጋለም፣ ከሑመራ በታች ባዕከር። አሠራሩ ሲታቀድ ፓርኩ ብቻውን አይቆምም፤ በ100 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባሉ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ምርት ይሰበሰባል፣ ይበጠራል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያ ወደ ፋብሪካ ይላካል። ሐሳቡ መልካም ነው። ለሸሕዲ ግን ስሌቱ አይሠራም፤ ቡሬ በጎንደርና በባሕር ዳር አልፎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለሰሊጥ የታሰበው ባዕከር ነበር፤ የእሱ ግንባታ በ2013 ዓ.ም. በፈነዳው ጦርነት ተቋረጠ።

ቡሬም ቢሆን ማስተማሪያ ነው። በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በዚያው ከተማ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ያመርታል የተባለው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም በዚሁ ዓመት ሥራ ጀመረ። ቀጥሎ የተሰማው ግን የጥሬ ዕቃና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው። ግድግዳና ጣሪያ በብድር ይሠራል፤ ሰሊጥና አኩሪ አተር በሚገባው ዋጋና ጊዜ ካልቀረበ ማሽኑ ምን ይፈጫል?

በሸሕዲ ችግሩ ድርብ ነው። በ2015 ዓ.ም. በጎረቤት ሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ግጭት በረታ። ሾፌር መንገዱን በሚፈራበት አገር ባለሀብት ማሽን አይተክልም። ሠራተኛውም ለማጨድ መጥቶ ወደ አገሩ የሚመለስ እንጂ ዓመቱን ሙሉ ፋብሪካ የሚውል አይደለም፤ ወባውና ካላ አዛር የሚባለው በሽታም አያስቀምጡትም። ቤት፣ ውሃና ጤና ጣቢያ በፓርኩ ዕቅድ ውስጥ ካልገቡ ሠራተኛ አይገኝም። (ይህን ነገር በመሠረት ድንጋይ ማስቀመጫ ዕለት የሚያነሣ ሰው ብዙም አይታይም።)

ስለዚህ እንደ እኔ፣ ሸሕዲ ቶሎ የሚያስፈልጋት በአጥር የተከበበ ሰፊ ፓርክ አይደለም። ገበሬው ሰሊጡን አስቀምጦ በመጋዘን ደረሰኝ የሚበደርበት፣ ዋጋ እስኪነሣ የሚቆይበት ሥርዓት ይቅደም። ማበጠሪያና መፈተጊያ በማኅበራትና በነጋዴዎች እጅ ይከተል። ዘይትና ታሂና ፋብሪካ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የክልሉና የምዕራብ ጎንደር ዞን ኃላፊዎች ቀጣዩን በጀት ሲይዙ የመጀመሪያውን ብር ለመጋዘንና ለብድር ያድርጉት።