አዲስ መላጊያ እንጨት የሚቦጭቀው ለምንድን ነው?

ዶዮገና ላይ እንጨት ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ ልጆች፣ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀው የብረት መላጊያ ብዙውን ጊዜ ለሥራ ዝግጁ አይደለም።

መጀመሪያ ርዝመቱ። ቁጥር 4 የሚባለው 25 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ለማለስለሻ አሪፍ ነው። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ግን እኛ 35 ሳንቲሜትር የሚሆነውን ቁጥር 5 እንመርጣለን፤ የበር ጠርዝ ቀጥ ያደርጋል።

ከመክፈላችሁ በፊት ስለቱን ወደ ውስጥ መልሱና እንጨት በሚነካው ሆዱ ላይ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሙ። ከማስመሪያው ጀርባ የስልካችሁን መብራት አብሩ። ስለቱ ከሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ለፊት ብርሃን በደንብ ካለፈ ሌላ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት። (አዎ፣ ባለሱቁ ያያችኋል። ይይ።)

ትልቁ ጉዳይ ስለቱ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ቅርጹን ይዟል እንጂ በደንብ አልተሳለም። ጀርባውን ጫፉ እስኪያብረቀርቅ መሳያ ድንጋይ ላይ ፈግፍጉት፣ ፊቱን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሳሉት። ከስለቱ በላይ የሚታሰረው ብረት ከጫፉ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ወደ ኋላ ይሁን፤ እንጨቱ ሳይቦጨቅ ፍቅፋቂውን የሚሰብረው እሱ ነው።

ባህር ዛፍ ግን ይሄ ሁሉ ተደርጎም ያስቸግራል፤ መስመሩ የተጠላለፈ ነው። ስለቱን በጣም ትንሽ ብቻ አውጥታችሁ ላጉ፣ እንቢ ካለ ጣውላውን አዙሩት።