አንዱን ያዳነ ኪኒን ሌላውን ለምን አያድነውም?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በረዶው በከበደበት አንድ የጥር እሑድ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አብሮኝ ይኖር የነበረው ጓደኛዬ ከሌሊት የታክሲ ሥራው ሲመለስ፣ ማታ ትቶኝ በሄደበት ሶፋ ላይ ከነጫማዬ አገኘኝ። መብራቱ እንደበራ ነው። «ዛሬ ሦስተኛ ቀንህ ነው» አለኝ። መኝታ ቤቱ ገብቶ አንዲት ብርቱካንማ የኪኒን ዕቃ ይዞ ወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «እኔን ከሞት ያወጣችኝ ይቺ ናት። አንተም ሞክራት።»

ዕቃዋ ላይ የሱ ስምና የሱ ሐኪም ስም ተጽፏል፤ ፓሮክሴቲን፣ 20 ሚሊግራም። እኔ ስንት ዓመት በጋዜጠኝነት የሠራሁ፣ በሰው አገር ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የጫንኩ ሰው፣ በሌላ ሰው ስም የታዘዘ መድኃኒት ዋጥኩ። አንባቢ ሆይ፣ ከመፍረድህ በፊት የራስህን ጓዳ ተመልከት። የደም ግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የጨጓራውን ኪኒን እንደ በርበሬና ሽሮ የምንበዳደር ሕዝቦች ነን።

ነገሩ በሁለት ቀን አበቃ፤ ጓደኛዬ ራሱ እየጎተተ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሙም ጠይቆና መርምሮ ያዘዘልኝ ያንኑ መድኃኒት ሆነ። ጓደኛዬ «አላልኩህም?» ብሎ ሳቀ። ስድስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። መጠኑ ወደ 40 ከፍ አለ። አሥር ሳምንት ሞላ፤ አሁንም ምንም። ምንም ስል መልካሙን ብቻ አይደለም። ጓደኛዬን ሲያማርሩት የነበሩት የአፍ መድረቅ፣ ላብ፣ ወንድ ለወንድ ብቻ የሚወራው ችግር፣ አንዳቸውም እኔ ዘንድ አልደረሱም። ውሃ የምውጥ ያህል ነበር።

ሐኪሙ አንድ ቀን መነጽሩን አውልቆ «ለመሆኑ በትክክል እየወሰድከው ነው?» አለኝ። በትሕትና ነው የጠየቀኝ፤ እኔ ግን የሰማሁት «ዋሾ ነህ» የሚለውን ነው። ቤት ስገባ ደግሞ ጓደኛዬ «አንተ መዳን አትፈልግም» አለኝ። ይህኛው ከሐኪሙ ይበልጥ አንገበገበኝ። የተሰበረ እግር ያለውን ሰው «መራመድ አትፈልግም» የሚለው የለም። የተሰበረው መንፈስ ሲሆን ግን ጥፋተኛው ራሱ በሽተኛው ነው። አገር ቤት እያለን «አማኑኤል ገባ» የሚለው ወሬ ቤተሰብን ስንት ዓመት አንገት ያስደፋ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኛም ያንን ሐፍረት ከሻንጣችን ጋር ይዘነው መጥተናል።

ንዴቴ የድሮ ሙያዬን ቀሰቀሰው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

የዋጥነው ኪኒን በቀጥታ ወደ አንጎል አይሄድም። ከአንጀት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚገጥመው ጉበትን ነው። ጉበት ማለት እንደ ጉምሩክ ነው፤ የመጣውን ዕቃ ፈትቶ ይፈትሻል፣ ይበትናል፣ የተረፈውን ያሳልፋል። ፈታሾቹ ኢንዛይም ይባላሉ። ከነሱ አንዱ ሲፕ ቱ ዲ ሲክስ የሚል ስም የወጣለት ነው። ይህን ፈታሽ የሚያመርተው ጂን አብዛኛው ሰው ዘንድ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንድ ከእናት፣ አንድ ከአባት። አንዳንዱ ሰው የማይሠሩ ቅጂዎችን ይወርሳል፤ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይጠራቀምና በትንሽ መጠን እንኳ ያንገላታዋል። ሌላው ደግሞ ትርፍ ቅጂ ይወርሳል። የዚህኛው ሰው ጉምሩክ ዕቃውን ለባለቤቱ ሳይደርስ ያራግፈዋል።

የስዊድን ሐኪሞች በ1985 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ አንዲት በድብርት ስለታመመች ሴት ጽፈው ነበር። ኖርትሪፕቲሊን የሚባለውን መድኃኒት ሌላው ሰው ብዙውን ጊዜ በቀን ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም ሲወስድ፣ እሷ በደሟ ውስጥ በቂ መጠን እንዲገኝ 500 ሚሊግራም አስፈለጋት። ምክንያቱ የተገለጠው በ1993 ነው፤ ትርፍ ጂን ነበራት። እንዲህ ያለ ሰው ከስዊድናውያን መካከል ከ100 አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው።

ቀጥሎ ያነበብኩት ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋኝ። በ1996 በስቶክሆልሙ ካሮሊንስካ ተቋም የሚሠሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያውያንን ደም መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ትርፍ ቅጂ ያላቸው ከ100 ሰው 29 ሆነው ተገኙ። ሃያ ዘጠኝ! ከሦስታችን አንዳችን ማለት ምንም አይቀረው። በ2002 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩትን ስዊድን ከሚኖሩት ወገኖቻቸው ጋር አስተያዩ። ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ስዊድን ያሉት ሰዎች ፈታሽ ይበልጥ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። የአካባቢ ተጽዕኖ ነው አሉ። ስደት ቋንቋችንንና ልጆቻችንን ብቻ የሚለውጥ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጉበታችንንም አልማረም።

ወረቀቱን አባዝቼ ለሐኪሙ ወሰድኩለት። ለሐቁ ሲባል፣ ሰውየው አልተኮፈሰም። አነበበው፣ ሁለቴ አነበበው፣ ደም እንዲቀዳልኝ አዘዘ። በየቀኑ 40 ሚሊግራም ስውጥ ከርሜ ደሜ ውስጥ የተገኘው መድኃኒት መለኪያው ሊያነበው የማይችል ኢምንት ነበር። የጂን ምርመራውም ትርፍ ቅጂ እንዳለኝ አረጋገጠ። ሐኪሙ «ይቅርታ እጠይቅሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ቢሮ ስወጣ ገና እንደታመምኩ ነበርኩ፤ ግን ዋሾ አልነበርኩም።

ወደ ሰርትራሊን ዞርኩ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ፓሮክሴቲን፣ ቬንላፋክሲን፣ ኖርትሪፕቲሊንና አሚትሪፕቲሊን በዚያ በፈጣኑ በር ያልፋሉ። ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራምና ኤስሲታሎፕራም ግን በአብዛኛው ሲፕ ቱ ሲ ናይንቲን በሚባል ሌላ በር ነው የሚሄዱት። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ቡና ሲቆላ ሸተተኝ። ሽታው ከመጀመሪያውም ቤታችን ውስጥ ነበር፤ እኔ ነበርኩ ያልነበርኩት።

ታዲያ «ሰርትራሊን ለሐበሻ ይስማማል» ብላችሁ እንዳታወሩብኝ። ያኛውም በር የራሱ ፈጣን ዓይነት አለው፤ በ2006 የታተመ ጥናት በስዊድናውያንም በኢትዮጵያውያንም ዘንድ ከ100 ጂን በ18ቱ ላይ አግኝቶታል። ጂን ደግሞ ሁሉን አይፈታም። አሜሪካ ውስጥ 4,000 ያህል በሽተኞች የተሳተፉበትና በ2006 ውጤቱ የወጣው ትልቅ ጥናት ለሁሉም በመጀመሪያ ሲታሎፕራም ሰጥቶ ነበር፤ ከሕመሙ ነፃ የወጣው ከሦስት አንዱ ገደማ ነው። በ2018 የታተመው ሌላው ሥራ 21 መድኃኒቶችን በ522 ሙከራዎች አወዳድሮ፣ ሁሉም ከባዶ ኪኒን እንደሚሻሉ፣ እርስ በርስ ግን የሚበላለጡት በጥቂቱ እንደሆነ አሳየ። «የትኛው ኪኒን ይበልጣል?» ለሚለው ጥያቄ «ለማን?» ብሎ መልሶ የሚጠይቅ ሐኪም ነው የሚሻለው። የጥገኝነት ወረቀት ለዓመታት ሲጓተትበት የኖረ ሰው ደግሞ ጉበቱ ምንም ያህል ቢመረመር ኪኒን ወረቀቱን አያወጣለትም።

ጓደኛዬም ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። ዳንኩ ብሎ ፓሮክሴቲኑን በአንድ ቀን ጣለው። በሦስተኛው ቀን «ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል» እያለ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ደወለልኝ። ፕሮዛክ ከሰውነት የሚወጣው በሳምንታት ነው፤ ፓሮክሴቲን ግን በቀናት ውስጥ ብን ስለሚል ቀስ በቀስ በሐኪም ምክር ካልቀነሱት እንዲህ ያደርጋል። ጾም ገባ ብለው፣ ጸበል ጀመርኩ ብለው ኪኒናቸውን በአንድ ጊዜ የሚጥሉ ወገኖች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው። ጸበሉን መጠመቅ ይቻላል፤ ኪኒኑን ግን ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ መጣል ሌላ ነገር ነው። ጫትም አለ። በ2015 የወጣ ጥናት ጫት ያንኑ ፈታሽ እንደሚያደነዝዘው አሳይቷል፤ ስለዚህ ቃሚ ሰው ለሐኪሙ ይህንንም ቢያፍር እንኳ መናገር አለበት።

እናቶችም ስሙ። ኮዲን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይኸው ፈጣን ጂን ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዲንና ትራማዶል እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል፤ ሞርፊኑ በጡት ወደ ሕፃኑ ያልፋልና። ከወለዱ በኋላ የተረፈውን ኪኒን ለጎረቤት አራስ የምትሰጡ እህቶች፣ ይህ የብድር ሽሮ አይደለም።

ባለፈው ሰሞን ሚኒያፖሊስ ያሉ አንዲት አክስቴ ደወሉ። እንቅልፍ እንቢ ብሏቸዋል፣ ምግብ አይወርድላቸውም፣ ማልቀስ ያበዛሉ። «ልጄ፣ አንተን የፈወሰህን ኪኒን አንድ አሥሯን በፖስታ ላክልኝ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። «እትዬ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ቀጠሮ እኔ እይዝልዎታለሁ፣ በስልክም አስተረጉምልዎታለሁ» ብዬ ለመንኳቸው።

«በኪኒን ልትሰስተኝ?» ብለው ዘጉት። ቀጠሮውን ይዤላቸዋለሁ፤ የፊታችን ሐሙስ ነው። ስልካቸውን ግን እስካሁን አላነሱልኝም።