የጠመንጃ መባረቅ

የጠመንጃ መባረቅ ማለት ተኳሹ ሳያስበው ጥይት መተኮሱ ነው። «ባረቀበት» ሲባል መሣሪያው በራሱ የተኮሰ ይመስላል። ያረጀ ወይም የተበላሸ ጠመንጃ ሲወድቅ ሊተኩስ ቢችልም፣ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ያልታየ ጥይትና ምላጭ (በብዙዎች አነጋገር ቃታ) ላይ ያረፈ ጣት ነው።

ጉዳዩ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ክብደት አለው። ሁለቱ ከተሞች በ2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው ነበር፤ መንግሥት መልሶ መቆጣጠሩን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። ከዚያ ቀደም በክልሉ የክተት ጥሪ በመተላለፉ፣ የወታደር ሥልጠና ያልወሰደ ብዙ ሰው መሣሪያ ይዟል።

አሠራሩ

እንደ ምንሽር ያለው የድሮ ጠመንጃ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ በእጅ ካልተቀባበለ ዳግመኛ አይተኩስም። ከፊል አውቶማቲክ ግን በተኩሱ ኃይል ቀልሃውን አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ያጎርሳል፤ ስለዚህ ከአንድ ተኩስ በኋላ ባዶ ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም። ክላሽንኮቭም በአንድ አንድ ሲተኮስ እንዲሁ ነው።

ባዶ ማድረግ

አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፣ ጣት ከምላጩ ይርቃል። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ከዚያ ማቀባበያው ይሳባል። ቅደም ተከተሉ ዋናው ነገር ነው። ካዝናው ሳይወጣ ማቀባበያው ተስቦ ከተለቀቀ፣ አንዱ ጥይት ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ በኋላ ካዝናውን ያወጣ ሰው ባዶ መሣሪያ የያዘ ይመስለዋል። ካዝናውን ብቻ ማውጣትም በበርሜሉ ሥር ያለውን ጥይት አያስወጣም። ስለዚህ ማቀባበያው እንደተሳበ ተይዞ ውስጡ በዓይን ይታያል፣ ጨለማ ከሆነ በጣት ይዳሰሳል። ክላሽ ላይ መቆለፊያው እንደተዘጋ ማቀባበያውን እስከ መጨረሻው መሳብ ስለማይቻል ለዚህ ሥራ መክፈት ግድ ነው፤ ጣት ከምላጩ መራቁ ያኔ ይበልጥ ያስፈልጋል። ምላጭን ስቦ «ባዶነቱን መሞከር» ግን ማረጋገጫ አይደለም።

የአደን ጠመንጃ

በገበያ የተሳካለት የመጀመሪያው ከፊል አውቶማቲክ የአደን ጠመንጃ ጆን ብራውኒንግ የፈለሰፈው አውቶ-5 ሲሆን፣ ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው የቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ለኢትዮጵያም ጠመንጃ ሸጧል። በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ጥይቶቹ የሚደረደሩት ከበርሜሉ በታች ባለ ቱቦ ውስጥ ነው። የሚነቀል ካዝና ስለሌለው በክላሽ የለመደ እጅ ይሳሳታል፤ ቱቦውም በርሜሉም አንድ በአንድ መራገፍ አለባቸው።

ሌላው አደጋ የጥይት መደባለቅ ነው። የቁጥር 12 በርሜል ውስጡ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የቁጥር 20 ደግሞ 15.6 ነው። ቁጥር 20 ጥይት በቁጥር 12 በርሜል ውስጥ ተንሸራቶ መሐል ይወተፋል፤ ከኋላው ሌላ ጥይት ገብቶ ከተተኮሰ በርሜሉ ይፈነዳል። ለዚህም ሲባል ቁጥር 20 ጥይት በተለምዶ ቢጫ ይደረጋል። በአፈሙዝ የገባ ጭቃም በርሜል ሊያፈነዳ ይችላል። ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ ደግሞ ዘግይቶ ሊነሣ ስለሚችል፣ አፈሙዙን ሳያዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ያሻል።

አቀማመጥና ሕግ

ግድግዳ ላይ ጥይት እንደጎረሰ የተሰቀለ ጠመንጃ ለልጆች እጅግ አደገኛ ነው። መሣሪያው ባዶ ሆኖ ይቆለፋል፣ ጥይቱ በሌላ ቦታ ይቀመጣል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይትም ተመልሶ ይወድቃል፣ ሰውም ይገድላል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል።