ያለ መኪና ከከተማ ወጥቶ ስለ ማደር

«ሰፈር» የሚለው ቃል ዛሬ የመኖሪያ መንደር ማለት ቢሆንም፣ መነሻው መስፈር፣ ይኸውም ድንኳን ተክሎ ለጊዜው መቀመጥ ነው። ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ብዙዎቹ በመኳንንትና በጭፍሮቻቸው ስም የሚጠሩት ከተማይቱ ራስዋ በድንኳን የተጀመረች ስለሆነች ነው። እንግዲህ በድንኳን ማደር ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር ሊሆን አይገባውም ነበር። አዲስ የሚሆንበት፣ ያለ ዘመቻ፣ ያለ ንግድና ያለ ስለት፣ አገር ለማየትና ለማረፍ ብቻ ተብሎ ሲደረግ ነው።

ይህም ሲነሣ ቶሎ የሚሰማው መልስ «መኪና የት አለን?» የሚል ነው። ተማሪው ቅዳሜና እሑድን በመኝታ ክፍሉ ያሳልፋል፤ ከከተማው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውንም አገር ከመጽሐፍ ብቻ ያውቀዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ መልሱ ትክክል አለመሆኑን ማሳየት ነው። ጉዞው በሦስት ቢከፈል፣ ዋናው መንገድ በአውቶቡስ፣ የጎኑ መንገድ በብስክሌት፣ ዳገቱ በእግር ቢሆን፣ መኪና የሚያስፈልግበት ቦታ አይገኝም።

በታሪክም ቢሆን ለመዝናናት በድንኳን ማደርን በማኅበር ያደራጁት ባለ መኪኖች አልነበሩም። ቶማስ ሃይራም ሆልዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጓደኞቹ ጋር በአየርላንድ ምዕራብ፣ ኮኔማራ በሚባለው አገር፣ ድንኳኑን በብስክሌት ጭኖ ዞረ፤ በማግሥቱም ዓመት ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። በ1901 የባለ ብስክሌት ሰፋሪዎች ማኅበር ሲቋቋም፣ ዋንቴጅ በተባለች ከተማ አጠገብ በተደረገው የመጀመሪያ ስፍራቸው የተገኙት 13 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ልብስ ሰፊ ስለ ነበረ ድንኳን ከምን ያህል ቀጭን ጨርቅ ሊሰፋ እንደሚችል ያውቅ ነበር። ያ ማኅበር ዛሬም አለ፤ ነገር ግን አሁን በስሙ ውስጥ ብስክሌት የሚለው ቃል ቀርቶ በመኪና የሚጎተተው ቤት፣ ካራቫን፣ ገብቷል።

በእኛም ዘንድ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዓል ለማክበር ወደ ዝቋላ የሚወጣው ምእመን ስንቁን በጀርባው አዝሎ፣ ጋቢውን ለብሶ፣ በተራራው ላይ ሲያድር ኖሯል። የመንፈሳዊው ምክንያት ሌላ ነው፤ አሠራሩ ግን እዚህ የምንናገረው ራሱ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መንገዱ በጠቅላላው አራት መቶ ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። ሰው ሁሉ የሚፈራው የመልሱን ዳገት ነው። የሰውዬው፣ የብስክሌቱና የዕቃው ክብደት አንድ ላይ 100 ኪሎ ቢሆን፣ ይህን 400 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 392,000 ጁል ያህል ሥራ ያስፈልጋል። የሰው ጡንቻ ከምግብ ካገኘው ኀይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ለዳገቱ 375 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይበቃል፤ ይህም ሲመነዘር ከ100 ግራም በሶ እምብዛም አይበልጥም። የነፋሱና የጎማው ፍትጊያ ለብቻው ይታሰባል፤ ቢሆንም የመልሱ ዳገት እንደሚወራው የሚያስፈራ አይደለም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተከለከለ ነው። በቃሊቲና በዱከም የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ደግሞ የከባድ ጭነት መኪና መተላለፊያ ስለሆነ፣ ዕቃ የጫነ ብስክሌት በዚያ መካከል መንዳት ድፍረት እንጂ ብልኀት አይደለም። ስለዚህ ከቃሊቲ ብስክሌቱን በሚኒባሱ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኖ ቢሾፍቱ መውረድ ይሻላል። የብስክሌቱ ሒሳብ ከመጫኑ በፊት ከረዳቱ ጋር ይቆረጥ፤ ከወረዱ በኋላ የሚደረገው ክርክር ለተሳፋሪው ሲበጅ አላየሁም። ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፤ ማሰሪያውም ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቀደደ ቢሆን ከገመድ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ብስክሌቱ የሚጠቅመው ከቢሾፍቱ በኋላ፣ አውቶቡስ በማይደርስበት በመጨረሻው አሥርና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። መኪና የሌለው ሰው ጉዞውን የሚተወው ዘወትር ይህች ቁራጭ መንገድ ስለምታስቸግረው ነው።

ቢሾፍቱ ደርሶ ሐይቅ ዳር ድንኳን ልትከል ማለት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። የባቦጋያና የኩሪፍቱ ዳርቻ በአብዛኛው በመዝናኛ ቤቶች አጥር ውስጥ ገብቷል፤ በእግሩ የመጣ ሰው ውኃውን በአጥር ቀዳዳ ማየቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚያሳዝን ነው። አማራጩ ከመዝናኛ ቤቱ ጋር ተስማምቶ ለድንኳን ቦታ መክፈል፣ አለዚያም ወደ ገጠሩ ወጣ ብሎ ገበሬውን መጠየቅ ነው።

መጠየቅ ማለት በሚገባ መጠየቅ ነው። በዚያ አካባቢ የገጠሩ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ፣ ቢያንስ «አካም ጅርቱ» ማለትን ሳያውቁ መሄድ ነውር ነው። ባለፈው ጥር ሁለት ጓደኞቼና እኔ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ከአንድ ሽማግሌ ደጅ ቆመን ሰላምታ ሰጠን፤ ከየት እንደ መጣን፣ የማን ልጆች እንደ ሆንን፣ ለምን አልጋ እንዳልተከራየን ጠየቁን። የመጨረሻውን ጥያቄ በደንብ የመለሰ ከመካከላችን አልነበረም። ትምህርት ቤት የምትማረው ልጃቸው እየተረጐመች፣ «ልጆቼ፣ ከበረቱ አጠገብ ትከሉ፤ ጅብ ቢመጣ ውሻው ይነግራችኋል» አሉን። ገንዘብ አልተቀበሉም፤ የያዝነውን ቡናና ስኳር ግን ባለቤታቸው ተቀበሉን። በአውድማ ላይ፣ ባልታጨደ እርሻ ዳርና በከብት መሄጃ ላይ ድንኳን እንደማይተከል የነገሩንም እሳቸው ናቸው።

የሌሊቱ ብርድ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ስለሆነ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባል። ወደ ላይ በአንድ ሺሕ ሜትር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ቢሾፍቱ በ1,900 ሜትር ገደማ፣ የዝቋላ ጫፍ ደግሞ በ2,989 ሜትር ላይ ስለሆኑ፣ በሁለቱ መካከል የሰባት ዲግሪ ልዩነት አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ መሬቱ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት የሚመልስለት ደመና አያገኝም። የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ውርጭ ረባዳውን እርሻ ቀድሞ የሚመታው ስለዚህ ነው። ድንኳን የሚተከለው እንግዲህ ከሸለቆው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከነፋስ ተከልሎ ነው።

ከአየሩ ይልቅ ሙቀት የሚሰርቀው ግን መሬቱ ነው። ሁለት ጋቢ ከላይ ደርቦ ከታች በባዶ ሸራ ላይ የተኛ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያድራል፤ አንዱን ጋቢ ከታች ያነጠፈው ይሻለዋል። ሰሌንና ደረቅ ጭድ ከተገኘ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው፤ ጭዱ የከብት መኖ መሆኑን አስቦ ሳያረጥቡ ጠዋት መመለስ ነው። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት መያዙን ስለሚተው፣ ጋቢው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይጓዝ፤ በላብ የራሰውም ሸሚዝ ሳይመሽ ይለወጥ። የድንኳኑን አፍ ፈጽሞ መዝጋት አይገባም፤ ትንፋሽ ከሸራው ላይ ጤዛ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠባልና።

ስለ እሳት ብዙ አልልም። ከአዲስ አበባ በፊት የነገሥታቱ ከተማ ከቦታ ቦታ ይዛወር ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ የማገዶ ማለቅ ነበር፤ አዲስ አበባንም በቦታዋ እንድትጸና የረዳት ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ በገጠሩ የሚታየው እያንዳንዱ ባሕር ዛፍ ባለቤት አለው፤ ቅጠሉም ዘይት ስላለበት በበጋ እንደ ጋዝ ይነዳል። አባቶቻችን ለመንገድ የመረጡት ስንቅ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ እሳት አይፈልግም። ሻይ በፔርሙዝ ይያዛል። የመጠጥ ውኃም ከከተማ ይያዝ እንጂ በእሳተ ገሞራ ሐይቆቹ ውኃ መተማመን አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱም የጸጥታው ነገር ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዝቋላ ገዳም መነኮሳት በታጣቂዎች ተገድለዋል። ይህ ከሆነ ወዲህ ወደዚያ ተራራ ስለሚወሰደው መንገድ እንደ ቀድሞው በዋዛ መጻፍ አይቻልም። ከመነሣት በፊት በዚያው ሳምንት ከአካባቢው የመጣ ሰውና የቀበሌውን ሹማምንት መጠየቅ ያሻል፤ መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ከተማው አጠገብ ማደር ወይም መቅረት ነው። ባለ መኪናው በመጣበት ፍጥነት ሊመለስ ይችላል፤ ባለ ብስክሌቱ ግን ያረፈበትን ሰው ወዳጅነት ብቻ ይዞ ያድራል።

በአገራችን ፀሐይ በክረምትም በበጋም አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ውጋገኑም ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ዕቃ የጫነ ብስክሌት በኮረኮንች መንገድ በሰዓት ከስምንት ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ከቢሾፍቱ የተነሣ ሰው በአሥር ሰዓት ከሚያድርበት ደርሶ፣ ባላገሩን በብርሃን ሰላም ሊል ይችላል። እሑድ የሚመለሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያው ይድረስ፤ ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ሰው ስለሚበዛበት ለብስክሌት የሚሆን ቦታ በጣራውም ላይ አይገኝም።