ከናይሮቢ ናይሮቢ፣ በአውሮፓ በኩል

በ1990ዎቹ መጨረሻ ናይሮቢ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ ኢንተርኔት አቅራቢ ደንበኞች ከሆኑ፣ የሚጻጻፉት ኢሜይል መጀመሪያ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወደ ሳተላይት ይወጣል። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያርፍና እንደገና በሳተላይት ተመልሶ ጎረቤት ቤት ይገባል። ለደርሶ መልሱ የሚከፈለው በዶላር ነው። ደብዳቤው ግን ደርሷል። የራውቲንግ፣ ማለትም የመልእክት መንገድ መረጣ፣ ጥፋት ለመያዝ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው፤ መልእክቱ እስከደረሰ ድረስ በየት ዞሮ መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ለሚጠይቅ ሰው ትሬስራውት አለለት። ቫን ጃኮብሰን በ1980ዎቹ መጨረሻ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ዘዴውም ብልጠት አለበት። እያንዳንዱ ፓኬት፣ ማለትም የመልእክቱ ቁራጭ፣ ስንት ራውተር (መንገድ መሪ መሣሪያ) ማለፍ እንደሚፈቀድለት የሚናገር ቁጥር ይዞ ይጓዛል። የደረሰበት ራውተር ሁሉ ከቁጥሩ አንድ ይቀንሳል፤ ዜሮ ላይ ያደረሰው ራውተር ፓኬቱን ጥሎ ለላኪው «እኔ ጋ ቀርቷል» የሚል ምላሽ ይሰዳል። ትሬስራውት በ1፣ ቀጥሎ በ2፣ ከዚያ በ3 እየላከ የየራውተሩን አድራሻና የፈጀውን ሚሊ ሰከንድ በየመስመሩ ይደረድራል። ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ ጊዜው በአንዴ 500 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከዘለለ፣ ፓኬቱ ሳተላይት ሳይወጣ አልቀረም።

ጥፋቱ ግን መንገድ ላይ ሳይሆን እዚያው ላኪው ማሽን ውስጥ ሲሆን ፍለጋው ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይገባል። ሊኑክስ የራውቲንግ ሰንጠረዡን አይቶ ከፓኬቱ አድራሻ ጋር በረጅሙ የሚገጥመውን መስመር ይመርጣል። ቀድሞ ለፍጥነት ሲባል ያለፈ ውሳኔውን የሚያስቀምጥበት ካሽ ነበረው። ሰንጠረዡ ትክክል ሆኖ ካሹ ያረጀ መንገድ ይዞ ከተገኘ ስህተት ፈላጊው ፍዳውን ያያል። ይህ ካሽ በ2012 ከወጣው 3.6 ስሪት ጀምሮ ተነሥቷል። ልምድ ያለው ሰው ታዲያ ሰንጠረዥ አንብቦ አይተውም፤ «አይፒ ራውት ጌት» በሚለው ትእዛዝ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ራሱን «ለዚህ አድራሻ በየት ትወጣለህ?» ይለዋል።

የናይሮቢው ዙሪያ ጥምጥም ግን በኮድ የሚታረም አልነበረም። አቅራቢዎቹ የሚገናኙበት ቦታ አልነበራቸውም። በኖቬምበር 2000 የኬንያ ኢንተርኔት መለዋወጫ ጣቢያን፣ በአጭሩ ኪክስፒን፣ ከፈቱ፤ ዋና ዕቃው የየድርጅቱ ራውተር የሚሰካበት ስዊች ነው። የስልክ ድርጅቱ ቴልኮም ኬንያ ብቸኛ መብቴ ተነካ ብሎ አቤት አለ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ አዘጋው። ስዊች ለመሰካት ቀናት ይበቃሉ፤ ፈቃዱ ግን ከዓመት በላይ ሙግት ፈጅቶ ጣቢያው በፌብሩዋሪ 2002 እንደገና ሥራ ጀመረ።

የኢንተርኔት ሶሳይቲ ጥናት እንደሚለው፣ በ2012 ከኬንያ የኢንተርኔት ትራፊክ አገር ውስጥ የሚቀረው 30 በመቶ ነበር፤ በ2020 ወደ 70 በመቶ ደርሷል።

የራስዎን መንገድ ለማየት ናይሮቢ መሄድ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙ ትሬሰርት ይባላል፤ በየቀኑ የሚከፍቱትን ያገር ቤት ድረ ገጽ አድራሻ ይስጡት። በመካከል የኮከብ ምልክት ቢያዩ አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምላሽ እንዳይሰጥ የተደረገ ራውተር ነው።