የአቃቂው ተኩላ

ከአቃቂ በሰቃ ወደ አባ ሳሙኤል በሚወስደው ሜዳ ማለዳ የሚመላለስ ሰው አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም። መልኩ ግራጫ ነው፤ እግሩ ከሠፈር ውሻ ረዘም፣ ወገቡ ቀጠን ይላል። ጭራውን ጥሎ፣ በየጥቂት እርምጃው ወደ ኋላ ዞር እያለ የታጨደውን የጤፍ ማሳ አቋርጦ ይሄዳል። ገበሬው «ቀበሮ» ብሎ ያልፈዋል። የፋብሪካ ጥበቃው ባለቤት የሌለው ውሻ መስሎት ድንጋይ ያነሳበታል። የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ ብዥ ያለ ፎቶ አንስቶ «ቀይ ቀበሮ አዲስ አበባ ገባ!» እያለ ለወዳጆቹ ይልካል። ከሦስቱ ለእውነቱ የሚቀርበው ገበሬው ነው። እንስሳው የአፍሪካ ተኩላ ነው።

መሠረታዊውን ቶሎ ልጨርስ። ክብደቱ ከ7 እስከ 15 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። ወንድና ሴት ተጣምረው ይኖራሉ፤ ያደጉ ልጆችም ታናናሾቻቸውን በማሳደግ ያግዛሉ። አይጥ፣ ጥንቸል፣ አንበጣ፣ ፍራፍሬ፣ ጥንብ፣ ያገኘውን ይበላል። ከሴኔጋል እስከ ግብፅ፣ ወደ ደቡብ እስከ ታንዛኒያ ተሰራጭቷል። በዓለም ደረጃ የመጥፋት ስጋት አለባቸው ከሚባሉት ውስጥ አይደለም።

ይልቅ የሚደንቀኝ ይህን ያህል ተሰራጭቶ ሳለ ተኩላ መሆኑ ሳይታመንለት መኖሩ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1830ዎቹ ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች፣ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ፣ የግብፁን ዝርያ ለብቻው ሰይመውት ነበር። በ1880 እንግሊዛዊው ቶማስ ሀክስሊ የራስ ቅሉ ከተኩላ ጋር እንደሚመሳሰል ጽፏል። ሰሚ አልተገኘም። መጻሕፍቱ በእስያና በአውሮፓ ከሚኖረው ወርቃማ ቀበሮ ጋር ደርበውት አለፉ፤ እኛም ከመጻሕፍቱ ተቀብለን «ተራ ቀበሮ» እያልን ኖርን።

ነገሩ የተገለበጠው በ2011 ነው። የኦስሎ፣ የኦክስፎርድና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእኛ ወገን ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለን ጨምሮ፣ የዘረመል ምርመራቸውን አሳተሙ። የግብፁ «ቀበሮ» የሥጋ ዝምድናው ከግራጫ ተኩላ ጋር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሁሉ የሚገርመው ግን የእሱ ዓይነት ደም ያላቸው እንስሳት 2,500 ኪሎ ሜትር ርቀው በኢትዮጵያ ደጋ መገኘታቸው ነው። በ2015 የታተመው ሰፋ ያለ ጥናት የአፍሪካውና የእስያው ዝርያ ከተለያዩ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆናቸው አሳየ። በ2018 ደግሞ ሌላ አስደናቂ ነገር መጣ፤ የአፍሪካ ተኩላ የዘር ግንዱ ድብልቅ ሆኖ፣ 72 በመቶው ከግራጫ ተኩላ፣ 28 በመቶው ከእኛው ቀይ ቀበሮ የተወረሰ መሆኑ ተነገረ። ስለዚህ የአቃቂው እንስሳ ከቀይ ቀበሮ ጋር በሩቁ ይዛመዳል። ይዛመዳል ማለት ግን ነው ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚሁ ነውና።

ቀይ ቀበሮ በአቃቂ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ምክንያቱ መሬቱ ነው። ቀይ ቀበሮ የውርጭ አገር አዳኝ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የጓሳና የጅብራ ምድር ይኖራል። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ የጥቁር አፈርና የጤፍ አገር ነው። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ ወደ አደን የሚወጣው ግን ብቻውን፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ ነው። ምግቡ በሙሉ ለማለት ይቻላል አይጥና ፍልፈል ነው። በባሌ ከሚያድናቸው ዋነኞቹ አንዱ ግዙፉ ፍልፈል ሲሆን ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ይህ ፍልፈል ደግሞ ከባሌ ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ የለም። እንዲህ በአንድ ዓይነት ምግብና በአንድ ዓይነት ምድር የታሰረ እንስሳ ከፋብሪካ ጭስና ከኮንዶሚኒየም ጥግ አይገኝም። የሚኖርባቸው ቦታዎች ተቆጥረው ይታወቃሉ፦ ባሌ፣ አርሲ፣ ስሜን፣ የወሎ ከፍታዎች፣ መንዝ ጓሳ። ለአካለ መጠን የደረሱት በጠቅላላ ከ500 አይበልጡም። አቃቂ ላይ አየሁ የሚል ሰው ሳያስበው ይህን ቁጥር ያቃልላል፤ «ከተማ ድረስ ከመጣማ ሞልቷል» ያሰኛል።

መለየቱ ከባድ አይደለም፤ ከሩቅ ማተኮር ብቻ ይጠይቃል። የቀይ ቀበሮ ቅላት ደማቅ ነው፤ ጉሮሮው፣ ደረቱና ሆዱ ነጭ ሲሆን ነጩና ቀዩ ቁርጥ ባለ መስመር ይለያያሉ። አፈሙዙ ከጉድጓድ አይጥ ለመንቀስ የተሠራ ይመስል ቀጭንና ረጅም ነው። ጭራው ከሥሩ ነጭ ይታይበትና ከመሃሉ ጀምሮ ጎፈር ያለ ጥቁር ይሆናል። የአፍሪካ ተኩላ ግን አመድማ ነው፤ ጀርባው ላይ ጥቁር ፀጉር ተበትኖበታል፤ ጉሮሮው ፈዘዝ ይላል እንጂ የሚለይ መስመር የለውም፤ አፈሙዙ አጠር ይላል፤ ጭራው ጫፉ ላይ ብቻ ይጠቁራል። የማታ ፀሐይ ሲያርፍበት አመዱ ወደ ቀይ ይመታል፤ የብዙዎቹ «ቀይ ቀበሮዎች» ምስጢር ይኸው ነው። እባካችሁ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በተነሳ ፎቶ ቀለም አትማሉ።

ሁለቱ አብረው የሚታዩበት ቦታ አለ፤ መንዝ ጓሳ። እዚያ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቀይ ቀበሮ የጓሳውን መሃል ይዞ ይኖራል፤ ተኩላው በሰው ሠፈርና በእርሻ ዳር ይበረታል። ሁለቱም በዋናነት አይጥ ይበላሉ፤ ሲገናኙም ይጣላሉ። የአቃቂን ነገር የሚፈታው ይህ ነው። ተኩላው የዳር እንስሳ ነው፤ ማሳ፣ የወንዝ ዳር ቁጥቋጦና የከብት ጥንብ ካገኘ የፓርክ ታፔላ አይፈልግም።

አባ ሳሙኤል አጠገብ በግ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት «አባቴ፣ በጎቹን አይፈጅብዎትም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ጠቦት ብቻውን ካገኘማ ምን ይምራል ልጄ» አሉኝ። «የፈጀን ግን የሠፈሩ ውሻ ነው። እሱ አይጥ ሲለቅም ነው የሚውለው፤ ለእህላችን ደግ ነው።» ከብዙ የቢሮ ሰው የተሻለ ሚዛን ነው። ጠቦት መውሰዱን አልካዱም፤ የሚጠቅመውንም አልረሱም።

የምቆጣው ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሰው ሜዳ ላይ በሚጥሉት ነው። መርዝ ሌባውን አይመርጥም፤ ተኩላውን፣ አሞራውን፣ የጎረቤትን ውሻ አንድ ላይ ይገድላል፤ አይጡ ግን በማሳው ይፋፋል። የእርድ ትርፍራፊና የሞተ ከብት ወንዝ ዳር የሚጥሉም እንዲሁ ናቸው፤ ራሳቸው ጠርተው ሲያበቁ «አውሬ በዛ» ብለው ይጮኻሉ። ጠቦትን ሌሊት በረት መዝጋት፣ ቀን ያለ እረኛ አለመልቀቅ ከመርዝ ይረክሳል።

ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ በ1991፣ በ2003ና በ2008 ቀይ ቀበሮን በብዛት የጨረሰው ከውሻ የተላለፈው ይኸው በሽታ ነው። ተኩላውንም አይምርም። ስለዚህ ሰው ሳይፈራ በቀን የሚጠጋ፣ የሚንገዳገድ ተኩላ ካያችሁ ፎቶ ለማንሳት አትቅረቡ። የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሻ ያለው ሁሉ ውሻውን ያስከትብ፤ ክትባቱ ቤተሰቡንም ተኩላውንም ይጠብቃል።

የአቃቂ ሜዳ በየዓመቱ በቤትና በመጋዘን እየተበላ ነው፤ ፓርክ ስላልሆነ ተኩላ አለበት ብሎ የሚያስበው ጥቂት ነው። ስለዚህ ያያችሁትን መዝግቡ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስም፣ ከተቻለም ጭራውንና ጉሮሮውን የሚያሳይ የጎን ፎቶ። ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ክፍል ስጡ። ስትሰጡ ግን «ቀይ ቀበሮ» አትበሉት። ተኩላ ነው፤ ተኩላነቱም ይበቃዋል።