ከዜሮ በታች 48

መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም ሳሎን ጥግ ያለው ባለገመድ የቤት ስልክ እጀታው ሲነሳ እንደወትሮው ድምፅ ይሰጣል። ከግድግዳው ሶኬት የሚወስደው ነገር የለም። ኃይሉ የሚመጣለት ከስልክ ማዕከሉ ነው፤ ድምፃችንን በሚያመላልሱት በእነዚያው ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች በኩል። በማዕከሉ የባትሪ ክፍል እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሚሰጡ 24 የእርሳስና አሲድ ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው ተቀምጠዋል፤ በድምሩ 48 ቮልት። ባለሙያው ከመሬት ጋር አስተያይቶ ሲለካው ግን ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ያያል፦ ኔጌቲቭ 48።

ኤሌክትሪኩ የተለየ ዓይነት ሆኖ አይደለም። ባትሪ ሁለት ጫፍ አለው፤ ልዩነቱ የትኛው ጫፍ ከመሬት ጋር ታሰረ የሚለው ነው። በዛሬ መኪኖች ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቩ ነው። (የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ ፖዘቲቩን ያስሩ ነበር።) በስልክ ማዕከል መሬት የሚይዘው ፖዘቲቩ ነው፤ ስለዚህ ሌላኛው ጫፍ ከመሬት በታች ወርዶ ይገኛል።

ምክንያቱ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ስልክ የራሱ ባትሪ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ባትሪው ወደ ማዕከሉ መሰብሰብ ሲጀምር፣ በአፈር ውስጥ የተዘረጉት ሽቦዎች ቀንም ሌትም ቮልት ተሸክመው መኖር ግድ ሆነባቸው። ሽፋኑ አንድ ቦታ ቢሰነጠቅና እርጥበት ቢገባ ምን ይሆናል? ብር ቅብ የሚሠራ ሰው መልሱን በእጁ ያውቀዋል። ፈሳሹ ውስጥ ከፖዘቲቭ ጋር የተያያዘው ብር እየሟሟ ይሳሳል፤ ከኔጌቲቭ ጋር የተያያዘው ዕቃ ግን ይለብሳል። እርጥብ አፈርም እንደዚያ ፈሳሽ ነው። ሽቦው ከመሬት በላይ ፖዘቲቭ ቢሆን ኖሮ መዳቡ ቀስ በቀስ ወደ አፈሩ እየወጣ፣ ቀጭኑ ክር እስኪበጠስ ድረስ ይበላ ነበር። ያንን ቦታ ፈልጎ መቆፈር ደግሞ የስንት ቀን ሥራ ነው! ፖዘቲቩ ከመሬት ሲታሰር ግን አንዱ ሽቦ ከመሬት እኩል፣ ሌላው ከመሬት በታች ይሆናል፤ ከመሬት በላይ የሚወጣ የለም።

ኤሌክትሪኩ ብረት መብላቱን አልተወም። የሚበላው ሌላ ብረት ሆነ እንጂ፦ በማዕከሉ ግቢ የተቀበረው ወፍራሙ የመሬት ዘንግ። ያ ዘንግ የት እንዳለ ይታወቃል፣ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ውፍረት አለው፣ ሲያልቅም ይተካል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ጉዳቱን ማስቀረት ባይቻል መጠገን ወደሚቻልበት ቦታ ወሰዱት።

48 የተመረጠው ኪሎ ሜትሮች የሚረዝመውን ሽቦ አልፎ ስልኩን ለማሠራት ስለሚበቃ፣ ከ60 ቮልት በታች በመሆኑም ሽቦ በእጁ ለሚይዝ ሠራተኛ አደጋው አነስተኛ ስለሆነ ነው።

ዛሬ የመዳቡን ቦታ ፋይበር እየወሰደ ነው፤ ብርሃን የሚያስተላልፍ መስታወት ደግሞ እንዲህ አይበላም። የመቀነስ ምልክቱ ግን ሞባይል ማማ ሥር ድረስ ዘልቋል፤ የመብራቱን ኃይል ለባትሪው እንዲስማማ የሚቀይረው ሬክቲፋየርም ባትሪውም ሬዲዮውም በዚያው ልክ ስለሚሠሩ አንዱን ብቻ ገልብጦ ማያያዝ አጭር ዙር መፍጠር ነው። በብዙ ጣቢያዎች ሰማያዊው ገመድ ኔጌቲቩን፣ ጥቁሩ ከመሬት የታሰረውን ፖዘቲቭ ይይዛል። ከመኪና ኤሌክትሪክ የመጣ ሰው ጥቁር ሲያይ ኔጌቲቭ ይመስለዋልና አዲስ ባለሙያ ከሁሉ በፊት ይህ ሊነገረው ይገባል።

መብራት ሲኖር መለኪያው ወደ ኔጌቲቭ 54 ገደማ ያሳያል፤ ባትሪው እየተሞላ ነው። መብራት ሲሄድና ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ሲቀር ቁጥሩ ወደ 50፣ ወደ 48፣ ወደ 46 ይወርዳል። ወደ 43 ሲጠጋ መቆጣጠሪያው ባትሪው እንዳይበላሽ ብሎ መስመሩን ይቆርጣል። እጃችን ላይ ባለው ስልክ የኔትወርክ ምልክቱ የሚጠፋው ያኔ ነው።